ሥጋውን የለመነው ዮሴፍ ማን ነበር?

ስቅለት በመጣ ቁጥር ሁለት ስም ተጣምሮ ይነሳል፤ ዮሴፍና ኒቆዲሞስ። ጌታን አውርደው የገነዙት። አራቱን ወንጌላት ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ካነበባችሁ ግን ኒቆዲሞስን ቀብሩ ላይ የምታገኙት በዮሐንስ ብቻ ነው። አራቱም የሚጠሩት የአርማትያሱን ዮሴፍ ነው። እሱም ቢሆን በአራቱ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም።

አብዛኞቹ አጥኚዎች ቀዳሚ የሚሉት ማርቆስ ዮሴፍን የተከበረ የሸንጎ አባል ያደርገዋል። የእግዚአብሔርን መንግሥት ይጠባበቅ ነበር ይላል እንጂ ደቀ መዝሙር ነበር አይልም። ችግሩ፣ ያው ማርቆስ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ኢየሱስ ሞት ይገባዋል ብለው የፈረዱት ሁሉም እንደሆኑ ጽፏል። ታዲያ ዮሴፍ በዚያ ሌሊት የት ነበር?

ሉቃስ ጥያቄው የከነከነው ይመስላል። ዮሴፍ በምክራቸው አልተስማማም ብሎ ይዘጋዋል። ማቴዎስ የሸንጎ አባልነቱን ጭራሽ አያነሳም፤ ዮሴፍ ባለጠጋ ደቀ መዝሙር ነው፣ መቃብሩም የራሱ። በዮሐንስ ደግሞ ፈርቶ የተደበቀ ደቀ መዝሙር ነው፤ መቃብሩም የተመረጠው ቅርብ ስለነበረና ቀኑ ስለመሸ ነው። ኒቆዲሞስ ያመጣው ከርቤና እሬት መቶ ንጥር፣ ማለትም ወደ 33 ኪሎ ነው። (በማርቆስ ሴቶቹ ሰንበት ካለፈ በኋላ ሽቱ ገዝተው ይመጣሉ። 33 ኪሎው አልበቃ ብሎ ይሆን?)

ይበልጥ የሚገርመው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ነው። ጳውሎስ በጲስድያዋ አንጾኪያ ሲሰብክ፣ አውርደው የቀበሩት እነዚያው ያስፈረዱበት የኢየሩሳሌም ሰዎችና አለቆቻቸው እንደሆኑ ይናገራል። መጽሐፉን የጻፈው ደግሞ ያው ሉቃስ ነው።

ጆን ዶሚኒክ ክሮሳን ዮሴፍ የማርቆስ ፈጠራ ነው ይላል። ሬይመንድ ብራውን አይቀበለውም፤ የጥንት ክርስቲያኖች በሸንጎው ላይ ቂም ይዘው ሳለ ከዚያው ሸንጎ ደግ ሰው ፈጥረው አያወጡም ባይ ነው። እኔም ወደ ብራውን አደላለሁ። የኦሪት ዘዳግም ሕግ የተሰቀለ ሰው ሬሳ እንጨት ላይ እንዳያድር ያዛል። ዮሴፈስም አይሁድ የተሰቀሉትን ፀሐይ ሳትገባ ይቀብሩ እንደነበር ጽፏል። በ1968 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም አጠገብ ተረከዙ ላይ ሚስማር የተሰካበት ሰው አጽም በቤተሰብ መቃብር ተገኝቷል። የተሰቀለ ሁሉ ለአሞራ አልተጣለም ማለት ነው።

የሆነው እንዲህ ይመስለኛል፦ አንድ የሸንጎ አባል ሕጉን ለመጠበቅ ሬሳውን ለምኖ ቀበረ። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ሰውየው መጀመሪያ ያልተስማማ ሆነ፣ ቀጥሎ ደቀ መዝሙር። ዜና ስሠራ ይሄን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ምስክሮች በዋናው ነገር ተስማምተው በሰውየው ልብ ላይ ይለያያሉ። «ሁሉም ውሸት ነው» የሚለው ወገንም ሆነ «ቅንጣት ልዩነት የለም» የሚለው አራቱን አብሮ አላነበበም።

ለእኔ ከባዱ የማርቆሱ ዮሴፍ ነው። ሌሊት ከፈራጆቹ ጋር ተቀምጦ፣ በማግስቱ ደፍሮ ጲላጦስ ፊት የቆመው።