ስኩታሪ የደረሱት 38 ሴቶች

በተማሪነታችን የፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም ሲነሳ የሚወራው ስለ ፋኖሷ ነበር። እኔ ዛሬ ከፋኖሱ በፊት የነበረውን ዝግጅት ላንሳ።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1854 ለክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞች 38 ሴቶች በጥድፊያ ተመልምለው ከለንደን ተነሱ። 14ቱ በሆስፒታል የሠሩ አስታማሚዎች፣ የቀሩት ከሃይማኖት ማኅበራት የመጡ ነበሩ። የጋራ ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

ኖቬምበር 4 ከኢስታንቡል ማዶ ስኩታሪ ሲደርሱ የጦሩ ሐኪሞች ፊት ነሷቸው። (የኛው ሙያ ሰዎች፣ ምን ይደረግ!) ናይቲንጌል ታዲያ ሐኪም ሳያዝ ማንም ቁስለኛ እንዳይነካ ከለከለች። ሴቶቹ ቁጭ ብለው ትራስና ሸሚዝ ሲሰፉ ቆዩ። ቁስለኛው ሲጎርፍ፣ እጅ ሲያጥር፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ጠሯቸው።

ያንን መጠበቅ እኔ የመጀመሪያው ሥልጠና እለዋለሁ፤ ለሐኪሞቹም ጭምር። እኔም ተረኛ ሳለሁ አንዲት ነርስ «ዶክተር፣ የዚህ ልጅ ትንፋሹ አላማረኝም» ስትለኝ ችላ ብዬ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እየሮጥኩ የተመለስኩበት ሌሊት አለ።

ናይቲንጌል ለሥራው ያልሆኑትን ወደ አገራቸው መለሰች። በ1860 ደግሞ ሕዝብ በስሟ ባዋጣው ገንዘብ በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሥልጠናው አንድ ዓመት፣ ዋናው መማሪያም የበሽተኞች ክፍል ነበር።