በረዶ የሚያነጣው ልብስ

እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ነው፤ በረዶም ቆርቆሮ ደብድቦ ወዲያው የሚቀልጥ ጠጠር። ኤቺጎ ይባል በነበረው በዛሬው የጃፓን ኒጋታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ነፋስ ከባሕሩ እርጥበት ዝቆ ተራሮቹ ላይ ያራግፈዋል፤ በረዶው እንደ ባዘቶ እየረገፈ ቤት እስኪውጥ ይከመራል።

ሱዙኪ ቦኩሺ እ.ኤ.አ. በ1770 በዚሁ አገር፣ በሺዮዛዋ የተወለደ ነጋዴ ነው። በ19 ዓመቱ ከተክል ልጥ የሚፈተለውን ቺጂሚ የሚባል ስስ ልብስ ሊሸጥ ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ ወረደ። ከተሜው ስለ በረዶ አገር ኑሮ አንዳች አለማወቁ ገረመው። ለኤዶ ሰው በረዶ መጠጥ ይዘው የሚያዩት፣ ግጥም የሚገጥሙለት ውበት ነው። ለቦኩሺ ወገኖች ጣራ እንዳይደረመስ ሲዝቁ መዋል ነው፤ ናዳና የተቀበረ መንገደኛ ነው። ይህን ሊያስረዳ ብዕር አነሣ። ለማሳተም ግን ወደ 40 ዓመት ደከመ፤ «ሆኩኤትሱ ሴፑ» እ.ኤ.አ. በ1837 መውጣት ሲጀምር አርጅቶ ነበር። መጽሐፉን ኤዶ ተሻማበት።

ታዲያ ቦኩሺ በረዶን በምሬት ብቻ አልጻፈውም። ቺጂሚን ሴቶች የሚሸምኑት (እኛ ዘንድ ሸማኔው ወንድ ነው) በረዶ ደጃፍ በዘጋባቸው ወራት ነው፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ክሩ አይበጠስም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በበረዶው ላይ አስጥተው ያነጡታል። የኤዶ ሰውም ያንኑ ልብስ በበጋው ሐሩር ይለብሰዋል።