የልዩ ትምህርት መብትና ምዘና በዩናይትድ ስቴትስ

በዩናይትድ ስቴትስ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት የመማር መብት የተረጋገጠው በክርክር ነው። በካሊፎርኒያ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሕፃናት በእንግሊዝኛ እየተፈተኑ «የአእምሮ ዘገምተኞች» ተብለው በመመደባቸው ክስ ተመሠረተ፤ በ1970 (እ.ኤ.አ.) በአፍ መፍቻ ቋንቋቸውም እንዲፈተኑ በስምምነት ተወሰነ። በ1972 የዋሽንግተን ዲ.ሲ. ፍርድ ቤት የገንዘብ እጥረት ሕፃናትን ከትምህርት ገበታ ለማስቀረት ምክንያት እንደማይሆን ፈረደ። የ1975ቱ ሕግም ምዘና በአንድ ፈተና ብቻ እንዳይወሰን፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲዘጋጅ፣ ወላጅም በውሳኔው ቅር ቢሰኝ አቤት እንዲል ደነገገ።

በ1991 ሚኔሶታ በመንግሥት ገንዘብ፣ ነገር ግን በራሳቸው አስተዳደር የሚመሩትን ቻርተር ትምህርት ቤቶች በሕግ ፈቀደች፤ የ1997ቱ ማሻሻያ በእነዚህም ውስጥ መብቱ እንደተጠበቀ መሆኑን በግልጽ አሰፈረ። ታሪኩ የሚያስገነዝበው፣ ምዘና ሕፃኑን ከክፍል መለያ ሳይሆን የሚያስፈልገውን ትምህርት ማወቂያ ሊሆን እንደሚገባ ነው።