ዓድ ሃሎም፦ ከአፍሪካ መጥቶ በከተማችን ደጃፍ የወደቀው አብራሪ



ከአሽዶድ በባቡር ስትሄዱ የምትሳፈሩበት ጣቢያ ስሙ «አሽዶድ ዓድ ሃሎም» ነው። ዓድ ሃሎም በዕብራይስጥ «እስከዚህ ድረስ» ማለት ነው። ቃሉ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 7፥ ንጉሥ ዳዊት በጸለየው ጸሎት ውስጥ ይገኛል። እዚህ ግን በላኪሽ ወንዝ ላይ የተሠራ የአንድ ድልድይ ስም ነው። ስሙ የወጣለት በ1948 እ.ኤ.አ. ከደቡብ የመጣው የግብጽ ጦር ከዚያ አልፎ ሊሄድ ስላልቻለ ነው። በዚያ ጦርነት ሕይወቱን ስለሰጠ አንድ ሰው ልናጫውታችሁ እንወዳለን። ሰውየው እንደ እናንተ ከአፍሪካ የመጣ ነበር።

የእስራኤል መንግሥት የታወጀው ሜይ 14 ቀን 1948፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 6 ቀን 1940 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ የጎረቤት አገሮች ጦር ገባ። የግብጽ ጦር የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ከጋዛ ወደ ሰሜን ገሠገሠ፤ ሜይ 29 ቀን ኢስዱድ ከተባለው የአረብ መንደር ደረሰ። ዛሬ የምትኖሩባት አሽዶድ ከተማ በዚያን ጊዜ አልነበረችም፤ የተመሠረተችው በ1956 ነው። የብርጌዱ አዛዥ ሙሐመድ ናጊብ ሲሆን፥ ይህ ሰው ኋላ የግብጽ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኗል። ከኢስዱድ እስከ ቴል አቪቭ ያለው መንገድ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የጊቫቲ ብርጌድ ወታደሮች ድልድዩን ቀደም ሲል በፈንጂ አፍርሰውት ስለነበር የተሽከርካሪው ሰልፍ በወንዙ አጠገብ ቆመ።

በዚያን ቀን እስራኤል ለመብረር የተዘጋጁ ተዋጊ አውሮፕላኖች የነበሯት አራት ብቻ ነበር። ከቼኮስሎቫኪያ ተገዝተው፥ ተፈታትተው በጭነት አውሮፕላን ከመጡ በኋላ በኤቅሮን አየር ማረፊያ በድብቅ ተገጣጠሙ። ለእነዚህ አውሮፕላኖች የሚሆነው ሞተር ስላልተገኘ የተገጠመላቸው ለቦምብ ጣይ አውሮፕላን የተሠራ ከባድ ሞተር ነበር። ስለዚህ ሲነሡና ሲያርፉ ወደ ጎን እየጎተቱ አብራሪውን ያስቸግሩት ነበር። ቼኮች አውሮፕላኑን «መዜክ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ በቅሎ ማለት ነው። እልኸኛ በቅሎ የጋለበ ሰው የስሙ ምክንያት ሳይነገረው ይገባዋል።

እነዚህ አራት አውሮፕላኖች የታሰቡት በኤል ዓሪሽ የነበረውን የግብጽ አየር ማረፊያ ለመምታት ነበር። ጠላት ኢስዱድ መድረሱ ሲታወቅ ግን ዕቅዱ ተለወጠ። ቅዳሜ ወደ ማታ አራት አብራሪዎች ተነሡ። ሞዲ አሎንና ኤዘር ዋይዝማን የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። መንገድ መሪው ሉ ሌናርት ከአሜሪካ፥ ኤዲ ኮሄን ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ነበሩ። እያንዳንዱ አውሮፕላን ሁለት ሁለት ቦምብ ይዞ ነበር። አውሮፕላኖቹ ከዚያ በፊት በአየር ላይ አልተሞከሩም፤ መተኮሻቸውም በመካከሉ እየነከሰ አስቸገረ። የሞዲ አሎን አውሮፕላን ሲያርፍ ተጎዳ። የኤዲ ኮሄን አውሮፕላን ግን ተከስክሶ ቀረ፤ እርሱም ሞተ። የእስራኤል የመጀመሪያው የተዋጊ አውሮፕላኖች ጓድ፥ ማለትም የ101ኛው ጓድ፥ በጦርነት ያጣው የመጀመሪያው አብራሪ እርሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር የጣሉት ቦምብ በጠላት ላይ ያደረሰው ጉዳት ትንሽ ነበር። ሆኖም የግብጽ ጦር እስራኤል ተዋጊ አውሮፕላን አላት ብሎ አላሰበም ነበርና እጅግ ደነገጠ። ጦሩን ያቆመው የፈረሰው ድልድይ ነው ወይስ አውሮፕላኖቹ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከዚያ በኋላ የጊቫቲ እግረኞች በመሬት ባደረጉት ማጥቃት ብዙ ወጣቶች ወደቁ። ጁን 11 ቀን የመጀመሪያው ተኩስ ማቆም ሲጀመር የግብጽ ጦር ያው በኢስዱድ ነበር። ሞዲ አሎንም በዚያው ዓመት ኦክቶበር 16 ቀን በኢስዱድ አካባቢ ተዋግቶ ሲመለስ በማረፍ ላይ ሳለ ተከስክሶ ሞተ።

አሁን ወደ ኤዲ ኮሄን እንመለስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነበር። ያ ጦርነት ሲያበቃ ወደ ቤቱ ገብቶ ሊያርፍ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ወደዚህ መጣ። በዚያ ጦርነት እንደ እርሱ ከውጭ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከ3,000 በላይ ነበሩ። በዕብራይስጥ ማሐል ይባላሉ፤ ከመካከላቸውም ከ100 በላይ ሞተዋል። ብዙዎቹ ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። በ101ኛው ጓድ ውስጥ አብራሪዎቹ በአብዛኛው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ዛሬ በኡልፓን ተቀምጣችሁ ቋንቋው አልገባ ብሎ ሲያስቸግራችሁ፥ ይህችን አገር የጠበቁ የመጀመሪያ አብራሪዎችም ቋንቋውን የማይችሉ እንግዶች እንደነበሩ አስቡ።

ለባዕድ አገር ሲል የሞተ አብራሪ ለኢትዮጵያ ሰውም አዲስ ነገር አይደለም። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞችን ረድቷል። ከነጻነት በኋላም የኢትዮጵያን አየር ኃይል አሠልጥኗል። በመጨረሻም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ተገድሏል። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌዎቻችን ስሙን ያስታውሱታል። የእርሱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የኤዲ ኮሄንም ታሪክ አይከብደውም።

በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ ያለቅሳል፥ ተዝካር ያወጣል፥ ስሙን ያነሣል። ዘመዱ በሩቅ አገር የሆነ ሰውስ ማን ያነሣዋል? ይህ ጥያቄ ለእናንተ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ከመካከላችን በሱዳን መንገድ ወላጁን፥ ልጁን፥ ወንድሙን ቀብሮ መቃብሩን እንኳ ዞሮ ሳያይ የመጣ አለ። ለእነዚያ ሙታን በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ሌላውም ሕዝብ ከእኛ ጋር እንዲያስባቸው እንፈልጋለን። እንግዲያው እኛም የሌላውን ሟች ስም ማንሣት ይገባናል። ሰው በወደቀበት ቦታ የሚኖር ጎረቤት እንደ ዘመድ ይቆጠራልና።

በዓድ ሃሎም የግብጽ ወታደሮችም መታሰቢያ ሐውልት አለ። ሁለቱ አገሮች በ1979 የሰላም ውል ከተፈራረሙ በኋላ የቆመ ነው። ጠላት የነበረውም የእናት ልጅ መሆኑን ለልጆቻችሁ ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

የወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ቀን፥ በዕብራይስጥ ዮም ሃዚካሮን፥ ሲደርስ በዋዜማው ምሽት በ20:00 ሰዓት ለአንድ ደቂቃ፥ በማግስቱ ጠዋት በ11:00 ሰዓት ለሁለት ደቂቃ ሲረን ይነፋል። ለአዲስ መጪ ድምፁ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የአደጋ ምልክት አይደለምና አትሽሹ። መኪናው ይቆማል፥ ሰውም ሁሉ ባለበት ጸጥ ብሎ ይቆማል። እናንተም ቁሙ። ልጆቻችሁ «ይህ ለማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ «ለአገሩ ሰዎች ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከአፍሪካ መጥቶ እዚሁ በደጃፋችን የወደቀ ኤዲ ኮሄን የሚባል ሰው እንደነበረ ንገሯቸው፤ አመቺ ቀን ስታገኙም ወደ ድልድዩ ወስዳችሁ ቦታውን አሳዩአቸው።