ባለ ጥሬ ቆዳው ጠመንጃ ስንት ያወጣል?

አንድ አሮጌ ጠመንጃ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉልኝ። እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ የሰደፍ ክፍል ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ተሰፍቷል። ማንገቻው ጠፍር ነው። መዝጊያው ላይ የተቀረጸው ቁጥር አፈሙዙ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ ማለትም አንዱ ጠመንጃ ሲሞት ሌላው አካሉን ወርሷል። እንግዲህ ይሄ ጠመንጃ ስንት ያወጣል?

መልሱ «ማን ጠየቀ?» ነው። አሜሪካን አገር ያለ የአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢ ከጠየቀ ወዲያው ቁጥሮቹን ያመሳክራል። አልገጠሙም? ዋጋው ወረደ። ቆዳ ተሰፍቶበታል? አሁንም ወረደ። እሱ የሚፈልገው ከፋብሪካ እንደወጣ የተቀመጠውን፣ ማንም ሰው ያልነካውን ነው። አዴት ዙሪያ ያለ ገበሬ ከጠየቀ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቆዳው የሚነግረው ሌላ ታሪክ ነው፦ ይሄ ጠመንጃ ተሰብሮ ያልተጣለ፣ ባለቤቱ ገንዘብና ድካም ያፈሰሰበት፣ ስለዚህም የሚተኩስ ነው። ማንም የማይተኩስ ጠመንጃ ላይ ቆዳ አይሰፋም።

ምሳሌው የቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች በኩል አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። የጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖ፣ የቤልጅግ ማውዘር፣ ሌላም ሌላም። ብዙዎቹ ሰደፋቸው የተሰነጠቀ፣ በቆርቆሮ፣ በሽቦና በቆዳ የተጠገኑ ናቸው። የዘውድና የአንበሳ ምልክት ያለበት ደግሞ ተጨማሪ ዋጋ ያወጣል። አባቶቻችን ጥይት ሲቆጥሩበት የኖሩትን ብረት ዛሬ ሌላው ማኅተሙን አይቶ ይገዛዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የሩቁ ሳይሆን የቅርቡ ሒሳብ ነው። ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ የሚገመትበት ሚዛን ከየት መጣ?

ከስማቸው እንጀምር። የጠመንጃዎቻችን ስም የውጭ ሰው ስም የጎጃሜ ምላስ አግኝቶ የተስተካከለበት መዝገብ ነው። ሰናድር የእንግሊዙ «ስናይደር» ነው። ለበን የፈረንሳዩ «ሌቤል»። ቤልጅግ ያው የአገሩ ስም። የሁሉም አባት የሚሆነው ውጅግራ ደግሞ ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» ማለትም «የግራ ጠመንጃ» የሚሉት ነው፤ ግራ የነደፈው መኮንን ስም ነው። «ፊዚ ግራ» በፍጥነት ሲጠራ «ውጅግራ» ሆኖ ቀረ። (ግራና ቀኝ ላይ ነገር ፈልጋችሁ ከነበረ አዝናለሁ።)

ይሄ ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ነው። መዝጊያውን ወደላይ አንስተህ ወደኋላ ትስባለህ፣ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላትን ጥይት ታጎርሳለህ፣ ትዘጋለህ፣ ቃታ ትስባለህ። ከዚያ ጭስ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ሌቤል ስታወጣ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ውጅግራዎች ባንድ ጊዜ ያረጁ ዕቃዎች ሆኑ። አውሮፓ ውስጥ ያረጀ ጠመንጃ የት ይሄዳል? በቀይ ባሕር በኩል ወደኛ ነዋ!

እዚህ ላይ የዋጋ ክርክር ካነሳን የአርተር ራምቦን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። ገጣሚው ራምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነጋዴ ሆኖ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎችን በግመል ጭኖ በአፋር በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ፤ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ። ምኒልክ ከሐረር ዘመቻ መመለሳቸው ነበርና የጠመንጃ ረሃባቸው ትንሽ ቀለል ብሏል። ዕቃውን አዩ፣ ዋጋውን ቆረጡ። የራምቦ የሞተ ሸሪክ ላባቱ ትቶት የሄደውንም ዕዳ ከሒሳቡ ላይ አስቀነሱ። የተረፈውንም እጅ በእጅ አልከፈሉም፤ ሐረር ሄዶ ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። ሰውየው ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ኪሳራ ላይ ወደቀ። የአውሮፓ ጸሐፊዎች በዚህ ታሪክ ለራምቦ ሲያዝኑ እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል፦ ያረጀ ዕቃ ይዞ የመጣ ነጋዴና ያረጀ ዕቃ አይቶ የሚያውቅ ገዢ። ምኒልክ ጠመንጃ ሲገምቱ የሚያታልላቸው አልነበረም።

ጎጃም በዚህ ንግድ የተጎዳ አገር ነው። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ምጽዋም ሆነ ታጁራ የሚደረሰው በሌላ ሰው ግዛት አልፎ ነው። ውጤቱ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ታየ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ። ከውጊያው በኋላ አፄ ዮሐንስ ጣልቃ ገብተው ምኒልክ የማረኩትን ጠመንጃ እንዲያስረክቡ አዘዙ። ልብ በሉ፤ ንጉሡ ብቻ ሳይሆን ብረቱም የድርድር ዕቃ ነው። አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እኒሁ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው አድዋ ላይ ተሰለፉ። አድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር የያዘው ቬተርሊ ነበርና ከዚያ ቀን በኋላ ያገራችን የጠመንጃ ዓይነት በአንድ ጨመረ፤ ያውም ያለ ክፍያ።

ወደ ዋጋው እንመለስ። ጠመንጃ ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጠመንጃው አይደለም። «ጥይቱ ይገኛል ወይ?» ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ጥይት ገንዘብ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር ተሰልፎ ለማርትሬዛ ብር መዘርዘሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር። የገበያ ሰው ዝናሩን ፈትቶ መልስ ይሰጣል! ሰርግ ላይ አንድ ጊዜ መተኮስ ማለት እንግዲህ ጥሬ ገንዘብ አየር ላይ ማቃጠል ነበር። እንግዳው ጆሮውን ይዞ የሚስቀው ድምፁን ብቻ ሰምቶ አይደለም፤ ወጪውን ቆጥሮም ነው።

ከተተኮሰ በኋላም ነገሩ አያበቃም። ቀለሁ ይለቀማል። የውጅግራ ባሩድ ጥቁሩ ባሩድ ነው፤ ያገር ሰው የሚያውቀው፣ ከድኝና ከከሰል ዘር የሚሠራው። ስለዚህ ባዶ ቀለህ እንደገና ተሞልቶ ይተኮሳል። ከዚህ በኋላ የመጡት ለበንና ማውዘር ይበልጣሉ፤ ሩቅ ይመታሉ፣ ጭስ የላቸውም፣ በአንድ ጉርሻ አምስትና ከዚያ በላይ ይተኩሳሉ። ነገር ግን ባሩዳቸውን የመንደር ሰው አይሠራውም። ጠመንጃው በተሻለ ቁጥር ባለቤቱ በጥይት ሻጩ እጅ ይወድቃል። ለዚህም ይመስለኛል ውጅግራ ካረጀ ከብዙ ዘመን በኋላ ገጠር ውስጥ ዋጋ ይዞ የኖረው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ማን ይጠግነዋል?» የሚለው ነው። ገዢ መዝጊያውን አውጥቶ አፈሙዙን ወደ ብርሃን ያዞራል። ውስጡ ያለው ጥምዝ መስመር ተበልቶ ከሆነ ጥይቷ አቅጣጫ ትስታለች። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ካልታጠበ ብረት ይበላል፤ ተኩሶ በሙቅ ውኃ ያላጠበ፣ ሞራ ያልቀባ ባለቤት የልጁን ውርስ እያዛገ ነው። ከዚያ ጥቃቅኑ ይታያል፦ የቀለሁን ቂጥ የሚወጋው መርፌ፣ ባዶውን ቀለህ ስቦ የሚያወጣው ጥፍር፣ ሞላው። ቶሎ የሚሰበሩት እነዚህ ናቸው። ውጅግራ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያሉት ጠመንጃ በመሆኑ መርፌውን ቀጥቃጭ በሞረድ አለስልሶ ሊሠራው ይችላል። ሰደፍ ሲሰበር ደግሞ እርጥብ ቆዳ ይሰፋበታል፤ ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት ያንቀዋል።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። ይሄ ቀጥቃጭ ማነው? በቀን «ጠይብ» ተብሎ የሚሰደብ፣ ቡዳ ነው ተብሎ ልጅ የሚሸሸግበት፣ ርስት የማይካፈል፣ ጋብቻ የማይጠየቅ ሰው ነው። ጀግናው በፉከራው ጠመንጃውን ከወንድሙ አስበልጦ ያሞግሳል፤ ጠመንጃውን ያዳነለትን እጅ ግን ሰላም አይልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡም ቀጠለ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ ገጠር ሄዳችሁ ጠይቁ። አባቶቻችን ጠመንጃ ሲያስጠግኑ ይሄ ነገር እንዴት አልከነከናቸውም እላለሁ አንዳንዴ።

ሦስተኛው ዋጋ ወሳኝ መንግሥት ነው፤ የኛም የውጭውም። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ወደ አፍሪካ የሚገባውን ጠመንጃ ለመገደብ ተስማሙ። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ጣሊያን ጦሯን እያጋዘች ሳለ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳይሸጥ ፈቃድ ከለከሉ። በዚያው ሰሞን የሒትለር ጀርመን፣ ጣሊያን ኦስትሪያን እንዳትይዝባት አፍሪካ ውስጥ እንድትጠመድ ስለፈለገች፣ 10,000 የማውዘር ጠመንጃ በድብቅ ላከችልን። የፋብሪካው ምልክት ከላያቸው ተፍቆ ነበር። ሰብሳቢ ማኅተም ይፈልጋል ብያችኋለሁ፤ ታሪኩ ከባድ የሆነው ግን ስሙ የተፋቀው ነው።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ጎጃምን ካሸፈቱት ነገሮች አንዱ «ጠመንጃህን አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ገበሬው መሬቱ ላይ ያለውን መብት ከጠመንጃው ለይቶ አያየውም፤ አንዱ ከሄደ ሌላው ይከተላል ብሎ ያምናል። በምዕራብ ጎጃም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አርበኛውን ይዘው ቆዩ። በ1932 መጨረሻ እንግሊዞች በሱዳን በኩል እርዳታ ሲጀምሩ መጀመሪያ ያደሉት ማርቲኒ የሚባል ባለ አንድ ጥይት አሮጌ ጠመንጃ ነበር። አርበኛው በጣሊያን መትረየስ ፊት የአያቱን ዘመን ጠመንጃ ተቀበለ። አላማረውም፤ ግን ተቀበለ። በየካቲት 1933 መጨረሻ የቡሬ ምሽግ ከጣሊያን እጅ ሲወጣ ከምርኮው የተሻለ አገኘ።

ነፃነት ከመጣ በኋላስ? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ ወጣ። የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ቀደም ሲል ጠመንጃ እንዲመዘገብ አዝዘው ነበርና ገበሬው ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አነበበው፦ ዛሬ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ ነገ ይወስዱታል፣ ከነገ ወዲያ መሬቱን ይለካሉ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሳ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ገዢው ተነሱ፤ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብር ተማረ። ገበሬው በምን ተዋጋ? ባብዛኛው እኛ «አሮጌ» በምንላቸው ጠመንጃዎች። መዝጋቢው ደብተር ላይ የጻፈው የብረቱን ቁጥር ነው፤ ገበሬው ግን የራሱን ስም እንደጻፉበት ቆጠረው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ክላሽ አገሩን ሲያጥለቀልቀው የእነ ምንሽርና ውጅግራ ዋጋ ወረደ። ጥይታቸውም ጠፋ፤ ጥይት የሌለው ጠመንጃ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል እንጨት ነው። ይሁንና ለለቅሶና ለሰርግ ወጣ ይሉ ነበር፤ ባለቤቱም ይሸጥ ቢባል መጀመሪያ የሚያነሳው የአባቱን ስም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መያዝን፣ መሸጥን፣ መጠገንንም ሳይቀር ከፈቃድ ጋር አሰረው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ ጦርነቱ በይፋ ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ጎጃም ውስጥ የጠመንጃ ዋጋ ጠይቆ «ለታሪክ ጽሑፍ ነው» ማለት የሚታመን ነገር አይደለም። ሽማግሌዎቹም ይሄን ስለሚያውቁ ስለ ውጅግራ ሲጠየቁ ስለ ጤፍ ያወራሉ። የአዴት ጤፍ መቼም ወሬ አያልቅበትም።