ሽልማቱን አየነው፤ ፊልሙስ?

ጉማ ሲባል መጀመሪያ ፊታችሁ ድቅን የሚለው ምንድን ነው? የእኔ ዕድሜ ሰው ከሆናችሁ ቀይ ምንጣፍ፣ ሱፍና ጥበብ የለበሱ ተዋንያን፣ አላልቅ የሚል የምስጋና ንግግር ነው። ስሙ ግን የፊልም ስም ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የተባለውን ፊልም የሠራው አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን፣ በ1966 ዓ.ም. ነው። ቃሉ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፦ የደም ካሳ፣ የገዳይና የሟች ወገን የሚታረቁበት ሥርዓት። ዮናስ ብርሃነ መዋ የፊልም ሽልማቱን በ2006 ዓ.ም. ሲጀምር ይህን ስም መምረጡን በጣም እወድለታለሁ። «ከእኛ በፊትም ሰው ነበረ» እንደማለት ነው።

ግን አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል። ጉማ ሽልማትን በቴሌቪዥንም በዩቲዩብም ስከታተል ዓመታት ሆነኝ። «ጉማ» ፊልሙን ግን ሙሉውን አይቼው አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ካሉ ጓደኞቼም «አይቼዋለሁ» ያለኝ አንድም ሰው የለም። ስሙን በየዓመቱ እናጨበጭብለታለን፣ ሥራውን አናውቀውም።

ከዝግጅቱ ሁሉ የሚነካኝ አንጋፋዎቹ የሚከበሩበት ሰዓት ነው። አዳራሹ ይነሣል፣ ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ መድረክ ይወጣሉ፣ ከኋላቸው ከድሮ ሥራቸው የተቆረጠች አጭር ምስል ትታያለች። ምስሏ ደብዝዛለች፣ ድምፁ ይንኮሻኮሻል። አንድ ጊዜ ቤት ቁጭ ብለን ስናይ ታናሽ ወንድሜ «ይሄ ፊልም ግን የት ይገኛል?» አለኝ። ቴሌግራም ላይ ፈለግን፣ ዩቲዩብ ላይ ፈለግን። የለም። ስለ ሽልማቱ የሚያወሩ ቪዲዮዎች ግን መዓት ነበሩ።

ለነገሩ ሽልማት ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ሸለመ ማለት አስጌጠ ማለት ነው። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተባሉ በኋላ መቀመጫቸው መንቆረር፣ የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፣ የሹመትና የሽልማት ከተማ ሆነች። በዚያ ዘመን ጀብዱ የሠራ ሰው ካባ ይደረብለታል፣ በብር ያጌጠ ጋሻ ይሰጠዋል፣ በቅሎ ከነሙሉ ዕቃዋ ትሰጠዋለች። ግብር ላይ ያንን ለብሶ ሲቀመጥ ለምን እንደተሸለመ የማያውቅ የለም። ፎካሪው ይፎክርበታል፣ አዝማሪው ይገጥምበታል። ካባው የሄደበት ሁሉ ወሬውም ይከተላል።

የቅኔ ቤቱ ደግሞ ሌላ ነው። እነ ዲማ ጊዮርጊስን በመሳሰሉ የጎጃም ደብሮች ባለቅኔው የሚቀኘው ለዚያች ቀን፣ ለዚያች በዓል ነው። ዳኞቹ እዚያው ፊቱ የቆሙት መምህራንና ጓደኞቹ ናቸው። ካማረ «ይበል!» ይሉታል፣ ካልሆነ እዚያው ያርሙታል። ዋንጫ የለም፣ ንግግር የለም (ይሄንንስ ከነሱ በተማርን)። ግን የሰማ ተማሪ በቃሉ ይዞት ይሄዳል። ብራና ላይ ሳይሰፍር፣ መቶ ዓመት ያለፈው ቅኔ ከነባለቤቱ ስም ዛሬም ይነገራል።

በዘመናዊ መልኩ በተቋም ደረጃ የተሰጠው ትልቁ ሽልማት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ነበር። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ገና ሠላሳ ሳይሞላው በ1966 ተሸልመዋል። አብዮቱ ሲመጣ ሽልማቱ ቀረ። የአፈወርቅ ባለቀለም መስታወቶች ግን እስከ ዛሬ አፍሪካ አዳራሽ አሉ፣ የጸጋዬ ተውኔቶችም መጽሐፍ ሆነው አሉ። ሸላሚው ሞተ፣ ሥራው ቀረ። በእኛ ዘመን ፊልም ላይ ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል፦ ሽልማቱ ይቀጥላል፣ ሥራው ይጠፋል።

ለምን ይጠፋል? እዚህ ጋ የሙያዬ ጣጣ ይመጣል። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ስትሠራ በፊልም ጥቅል ነበር። ጥቅል ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ማጠቢያ ይፈልጋል። ነገር ግን ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ካስቀመጡት ብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል፣ ወደ ብርሃን ቢያነሡትም ምስሉ በዓይን ይታያል። በደርግ ጊዜ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በኋላ ሲፈርስ ፊልም ሥራ የግለሰቦች ሆነ። በ1990ዎቹ እነ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሲመጡ በቪዲዮ ካሜራ መሥራት ተቻለ። ጥሩ ነገር ነው፤ ያ ባይሆን ግማሹ ተሸላሚ ዛሬ ዳይሬክተር አይሆንም ነበር። ግን ፊልሙ ከዚያ ወዲህ ፋይል ነው። ፋይል ደግሞ አይደበዝዝም፣ አንድ ቀን ዝም ብሎ አልከፍትም ይላል። ሃርድ ዲስክ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ መበላሸቱ የታወቀ ነው። የሲዲ ማጫወቻም ከቤታችን ወጥቷል።

ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው። ፕሮዲውሰሩ ቤቱን አስይዞ የሠራው ፊልም በአንድ ሌሊት ተገልብጦ መንገድ ላይ ሲሸጥ አይቷል። ስለዚህ ቅጂውን ደብቆ ይይዛል። አልፈርድበትም። ግን የደበቀው ዲስክ የሞተ ቀን ፊልሙም አብሮ ይሞታል።

ውጭ አገር መሸለም እንኳ አያድንም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። ክፍለ ሀገር ላደገ የእኔ ዕድሜ ልጅ «ጤዛ» ዜና ነበር እንጂ ፊልም አልነበረም። «ድፍረት» ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት ያገኘው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ተቋርጧል።

አሁን አንድ የሚያበሳጭ ንጽጽር ላምጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም የተወለዱ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ወጋየሁ ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ዛሬ ማርቆስ ውስጥ ታክሲ ስትገቡ የጉዱ ካሣን ንግግር በወጋየሁ ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ፤ ሹፌሩ ከፍላሽ ነው የሚያጫውተው። የሬዲዮ ትረካ ነው እንግዲህ! ቴፑን አንድ ሰው ስላልደመሰሰው ብቻ። አሥር ዓመት ያልሞላው ተሸላሚ ፊልም ግን ፈልጋችሁ አታገኙትም።

መፍትሔው ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ዳኞች ፊልሙን ሳያዩ አይዳኙም፤ ስለዚህ በየዓመቱ የተወዳዳሪዎቹ ሙሉ ፊልም አንድ ቦታ ይሰበሰባል ማለት ነው። አንድ ፊልም 10 ጊጋባይት ቢሆን፣ መቶ ፊልም 1 ቴራባይት ነው፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ ዲስክ። ሁለት ቅጂ ይደረግ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሌላ ከተማ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለው፤ እዚያ ቢቀመጥ ማን ይጠላል? በየዓመቱ ፋይሎቹ መከፈታቸው ይረጋገጥ፣ በየአምስት ዓመቱ ዲስኩ ይቀየር። ባለቤቱ ስርቆት ከፈራ ለአሥር ዓመት ይቆለፍ፣ ቁልፉ እሱ ጋ ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ተማሪ መጥቶ ማየት ይችል። የውድድሩ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፦ «ቅጂው እንዲቀመጥ ፈቅጃለሁ»፣ ከሥሩ ፊርማ።