በክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን፦ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንን ሕንፃ እንደ ታሪክ ሰነድ ማንበብ

(በጂንካ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፣ ከድምፅ የተገለበጠ)



ለታሪክ ተማሪ ሰነድ ሲባል ብራና፣ ደብዳቤ ወይም የመዝገብ ቤት ፋይል በአእምሮው ይመጣል። በዚህ አካባቢ ግን የጽሑፍ ሰነድ ጥቂት ነው፤ ያለውም በአብዛኛው ገዥዎችና መንገደኞች የጻፉት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ሌላ ዓይነት ሰነድ ነው፤ ይኸውም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በደቡብ ደጋዎች ስለ ተተከለው ክብ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚህ ሕንፃ ላይ የሁለት ወገኖች እጅ አርፏል። የአሳናጺው ወገን ታሪክ ተጽፏል፤ የአናጺውና የጭቃ አቡኪው ግን በምሰሶውና በማገሩ ብቻ ቀርቷል። ያ ምሰሶ ደግሞ እየተነቀለ ነው።

በቅርጹ እንጀምር። ክብ ቤተ ክርስቲያን ጥንት ከአክሱም ዘመን የወረደ አይደለም። ደብረ ዳሞ ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም፣ በመስቀል ቅርጽ ከተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ በቀር፣ በአመዛኙ እንዲሁ ናቸው። ክቡ ንድፍ በሰፊው የተስፋፋው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ይሁን እንጂ አራት ማዕዘኑ አልጠፋም፤ ወደ ውስጥ ገባ። በስተውጭ ዜማ የሚቆምበት ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት፣ በመካከል ታቦቱ የሚያርፍበት መቅደስ አለ፤ መቅደሱ በአብዛኛው ባለ አራት ማዕዘን ነው። ግድግዳውም ከሌሎቹ በላይ ከፍ ብሎ የክዳኑን እምብርት ይሸከማል። ጉልላቱ ከሩቅ ሲታይ በክቡ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፤ ክብደቱ ግን የሚወርደው በመቅደሱ ላይ ነው። (በጉልላቱ ጫፍ ስለሚሰካው የሰጎን እንቁላል በሰሜን ብዙ ተተርኳል፤ ሰጎኗ ራሷ ግን ከእኛ በታች በኦሞ ሸለቆ ትሮጣለች።)

ይህ ንድፍ ወደዚህ እንዴት መጣ? በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስከ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ወርዷል። የአሪ ደጋም በዚያው ዘመን በምኒልክ መንግሥት ሥር ገብቶ ባኮ የአስተዳደር ማዕከል ሆነች፤ ጂንካ ይህን ድርሻ የተረከበችው ኋላ ነው። ከጦሩ ጋር ካህኑ፣ ከካህኑ ጋር ታቦቱ መጣ። ከተማና ቤተ ክርስቲያንን በአንድ ከፍታ ላይ መትከል የዘመኑ ልማድ ነበር፤ እንጦጦ ማርያም ከንጉሠ ነገሥቱ ግቢ አጠገብ መታነጿም ከዚሁ የመጣ ነው። በደቡብ ግን ከፍታው ሌላ ትርጉም ነበረው። ከላይ ያለው ነፍጠኛ፣ ከታች ያለው ገባር ነበር። ገባሩ ግብር ከማግባት በላይ እህል እንዲፈጭ፣ እንጨት እንዲሸከም፣ ቤትና አጥር እንዲሠራ ይገደድ ነበር። ካህናቱም በሰሞን መሬት ይተዳደሩ ነበር። ይህ ሥርዓት ከነጻነት በኋላ በአዋጅ እየላላ ሄደ፤ የመሬት ይዞታው መሠረት የተናደው ግን በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው።

እንግዲህ ይህን ይዘን ሕንፃውን እንየው። የአሪ ገበሬ ራሱ የሚኖረው በክብ ሣር ክዳን ቤት ነው። እንጨት አጥልቆ መትከል፣ ማገር ማሰር፣ ሣሩን ውኃ እንዳያስገባ አቁልቁሎ መክደን ከአባቱ የተማረው ሙያ ነው። ንድፉ ከሰሜን ይምጣ እንጂ ለሠሪው ክቡ እንግዳ አልነበረም፤ እንግዳ የነበረው በውስጡ ያለው አራት ማዕዘን ነው። ክብ ግድግዳ ከባለ አራት ማዕዘኑ መቅደስ ጋር በወራጅ የሚገናኝበት ቦታ የተለየ ብልሃት ይጠይቃል፤ የሠሪው መልስ የሚነበበውም እዚያው ነው። ቤተ ክርስቲያኑን የእምነት ቅርስ ብቻ አድርገው የሚያዩም፣ የወረራ ምልክት ብቻ አድርገው የሚያዩም ይህን መጋጠሚያ ቀና ብለው አላዩትም።

መጋጠሚያውን ያጠፋው ቆርቆሮ ነው። ሣር ክዳን ውኃ እንዲያወርድ ቢያንስ ወደ 45 ዲግሪ መዘንበል አለበት፤ ስለዚህ ሾጣጣ ይሆናል። ቆርቆሮ ግን ዝቅ ብሎም ያወርዳል። ደግሞም ቀጥ ያለ ዕቃ ስለሆነ ለሾጣጣ ክዳን በሰያፍ መቆረጥ አለበት፤ ብክነቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ክቡ መጀመሪያ ስምንት ማዕዘን፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ ሲመጣ ደግሞ አራት ማዕዘን የሚሆንበት ምክንያት የሃይማኖት ሳይሆን የዋጋ ነው። ምእመናን ሣር በየጊዜው ከመቀየር መገላገላቸውን አልነቅፍም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዜማው እንደሚዋጥ ግን ማናችሁም ታውቃላችሁ።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ አልፈዋልና አንድ ምሳሌ ልጨምር። በእንግሊዝ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የመሠዊያው ክፍል ጥገና የዐሥራት ተቀባዩ ግዴታ፣ የሕዝቡ መቆሚያ ጥገና ደግሞ የምእመናኑ ነበር። በዚህም ምክንያት የታሪክ ሰዎች በአንድ ሕንፃ ላይ ሁለት ኪስ ያነብባሉ፤ ጠባብና አሮጌ መሠዊያ፣ ሰፊና ያማረ መቆሚያ ሲያዩ ገንዘቡ በማን እጅ እንደነበረ ይጠይቃሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዕድሳት ስም ብዙ አሮጌ ግድግዳ ተፋቀ፤ ዊልያም ሞሪስ በእ.ኤ.አ. 1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ይህን ተቃውሞ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1951 እስከ 1974 ደግሞ ኒኮላውስ ፔቭስነር የእንግሊዝን ሕንፃዎች አውራጃ በአውራጃ በ46 ቅጾች መዘገበ። አዳኙም ጸሐፊውም የደረሱት ብዙው ከጠፋ በኋላ ነበር።

እኛ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን፤ ነገር ግን ያልተመዘገበን የገጠር አጥቢያ አዋጅ ብቻውን አይጠብቀውም። ስለዚህ ለተመራቂ ተማሪዎች የማቀርበው ሥራ ቀላል ነው። ሜትር፣ ወረቀትና ካሜራ ይዛችሁ፣ ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዳችሁ፣ ሕንፃው ከመፍረሱ በፊት ለኩ። የምሰሶውን ቁጥርና የእንጨቱን ዓይነት በአሪኛም በአማርኛም ስሙን ጻፉ። አባቱ ወይም አያቱ እንጨት የተሸከመ ሰው በሕይወት ካለ፣ ማን እንዳዘዘውና ምን እንደተከፈለው ጠይቁ። መቅደሱ ለምእመን ዝግ ነው፤ ስለዚህ ውጫዊውን ልኬት ራሳችሁ ውሰዱ፣ ለውስጡ የሜትሩን ጫፍ ለዲያቆኑ ስጡት፤ እርሱ ቁጥሩን ከውስጥ ይጥራላችሁ፣ እናንተ ከደጅ መዝግቡ።